ሁለቴ የተመታ ችካል

ዲላ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ከወንዶቹ ዘንድ፣ የሚወራው ይህ ነበር፤ ቀያሹ ሠረቀብርሃን በቡሌ መንገድ ከአንድ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ በራሶ የሚባል ገበሬ በቂም መጥቶ የድንኳኑን ችካል ነቀለበት። ድንኳኑ ተደረመሰ። በዚያው ቅጽበት ደራሽ ውሃ ደረሰ። ሠረቀብርሃን ለመውጣት እጁን ሲዘረጋ በራሶ ኮቱን ይዞ መልሶ ወደ ውሃው ገፋው። ምስክሩ የኮቱ እጅጌ ነው፤ ፖሊስ በራሶን ሲይዘው እጁ ላይ አግኝቶታል።

በጓሮ በኩል፣ ንፍሮ በሚቀቀልበት እሳት ዙሪያ፣ የሚወራው ሌላ ነበር። በራሶ ችካሉን የነቀለው ውሃው እንደሚመጣ ስላወቀ ነው። የቀያሹን ሁለት ሕፃናትና እናታቸውን አንድ በአንድ አሻገረ። ቀያሹንም ይዞ ሲጎትት እጅጌው ተቀደደና በእጁ ቀረ።

ሁለቱ ወሬዎች በሁለት ነገር ብቻ ይስማማሉ፤ ችካሉ ተነቅሏል፣ እጅጌው ተቀዷል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉንም ያየችው የሟቹ ሚስት አመለወርቅ ናት። እሷ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገረችም።

«አንድ እፍኝ ብቻ» አለቻት ጎረቤቷ ካሳነሽ፣ የንፍሮውን ሳህን ወደ ሰሌኑ እያስጠጋች። «ሣልስት ደረሰ እኮ! ሰው ሦስት ቀን በውሃ ብቻ ይኖራል? እንዲያውም ዝም ካልሽ የዕድራችን ዳኛ ይበላልሻል። ሦስተኛ ሳህኑን ጨረሰ። ሠረቀ ቢኖር የመለኪያ ሰንሰለቱን አምጥቶ ሆዱን ይለካለት ነበር።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሀዲጃ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን አፈነች። አመለወርቅ ሳህኑን ተቀብላ ጭኗ ላይ አኖረችው። አልበላችም፤ ሳቁ ግን አላስከፋትም። ሠረቀብርሃን ለቅሶ ቤት ሲሄድ ቀልደኛ ሰው ፈልጎ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

በክፍቱ በር ታናሺቱ ልጇ ትታያታለች። የአምስት ዓመቷ ሙሉእመቤት ድንኳኑ ውስጥ አልገባም ብላለች። የዕድሩ ድንኳንና አባቷ ይዟቸው የሄደው ድንኳን አንድ ዓይነት ሸራ ነው። በዙሪያው እየዞረች ችካሎቹን በእግሯ ጫፍ ትነካለች።

«እዚህ ወንዝ የለም አልኩሽ» ትላታለች የዘጠኝ ዓመቷ ውዳሴ።

«እዚያም ወንዙ ሲተኛ ትንሽ ነበር» አለች ሙሉእመቤት፣ ሳል እያቋረጣት።

ወልደዮሐንስ ሲገባ ሴቶቹ ቦታ ለቀቁለት። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ መርዶውን ሰምቶ ከይርጋዓለም በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ነው የመጣው። ዓይኖቹ አብጠዋል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የፖሊስ ጣቢያው አምሳ አለቃ ነገ ጠዋት ይመጣል፤ ቃልሽን ሊቀበል። ብዙ አያደክምሽም። ‹በራሶ ችካሉን ነቅሏል ወይ?› ይልሻል፤ ‹አዎ› ትያለሽ። አለቀ። ሰውየው ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

አመለወርቅ እጆቿን አየች።

«ዋሺ አላልኩሽም» አለ ወልደዮሐንስ። «ወንድሜን ቀብሬ ውሸት አልለምንም። አልነቀለም?»

«ነቅሏል» አለች። ከሦስት ቀን ወዲህ ስለዚያ ቀን ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«በቃ። ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቅሽም። አባታችን ሲሞት እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ወንዝ ማዶ ነው፤ በጀርባዬ እያሻገርኩ ነው ያስተማርኩት። አሁን ሰዉ ምን ይበል? በሥራው ላይ ሳለ በሰው እጅ ሞተ ይበል፣ ወይስ የመንግሥት ድንኳን ወስዶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሲዝናና ውሃ በላው ይበል? ስሙ ነው የቀረው፤ እሱን አኑሪለት።»

ተነሥቶ ወጣ። አመለወርቅ ልትጠላው ሞከረች፤ አልቻለችም። ወንድሙን በጀርባው ያሻገረ ሰው ነው።

* * *

የሆነው ሁሉ የጀመረው በቀልድ ነበር። ሠረቀብርሃን አሥር ዓመት ሙሉ በድንኳን ኖሯል። አንዴ ገደብ፣ አንዴ ጨለለቅቱ፣ አንዴ ቡሌ፤ ዲላ የሚመጣው በወር አንዴ፣ ጫማው ላይ ጭቃ ደርቆ ነው። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ሲመጣ ጨርቁን አጥባ ስታሰጣ፣ «እኔን ነው ያገባኸው ወይስ ድንኳንህን?» አለችው።

«እንግዲህ ነይና ጣውንትሽን ተዋወቂያት» አላት።

በማግስቱ ሁለት በቅሎ ተከራየ። ቀልድ መስሏት ነበር፤ ድስት መምረጥ ሲጀምር ነው ያመነችው። ሰንሰለት ጎታቹና አስተርጓሚው ፈለቀ ለበዓል ገደብ ወዳሉት ወላጆቹ ሄዶ ስለነበር አራቱ ብቻ ሆነው ወጡ። ውዳሴ በመንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ «እኛ ድንኳን ልንኖር ነው» ትለው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ ባለ ሦስት እግሩን የልኬት መነጽር አቁሞ ወደ ምዕራብ አዞረላቸው። ተራ በተራ ጎንበስ አሉ። መነጽሩ ሁሉን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። የአባያ ሐይቅ ከላይ ተንጣሎ፣ ሰማዩ ከታች ተነጥፎ፣ ዛፎቹ ሥራቸው ወደ ላይ ሆኖ ታያቸው።

«አባዬ፣ ውሃው አይፈስም?» አለች ሙሉእመቤት።

«እኔ ስለያዝኩት ነው» አላት።

አመለወርቅ ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሣ ብዙ ቆየች። ባሏ ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ሲያይ ኖሮ አንድም ቀን አለመንገሩ አስቀናት። ኋላም ገባት፤ እንዴት ብሎ ይነግራታል?

ድንኳኑን እዚያው ጫፉ ላይ ሊተክል ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት። «ውሃ ማን ያመላልሳል? ልጆቹስ የት ይታጠባሉ?» አለች። ከታች በወንዙና በአንድ ደረቅ ቦይ መካከል ለምለም ሣር የለበሰ ሜዳ ነበር። ሠረቀብርሃን ወርዶ ዞር ዞር ብሎ አየው። ጠጠሩን በጫማው ገለጥ አድርጎ፣ «ውሃ የሄደበት ቦታ ነው» አለ።

«ዛሬ የሚሄድ ውሃ አይታየኝም» አለችው።

ሳቀና ችካሉን አወረደ።

* * *

በራሶን ሁለቱም ያውቁት ነበር። ባለፈው ዓመት ሠረቀብርሃን በዚያ ተዳፋት ላይ የመሬት ልኬት ሲሠራ ሰባት ችካል ነቅሎበታል። የልኬት ችካል መንቀል ደግሞ ወንጀል ነው። ሠረቀብርሃን ከሰሰው፤ ሰውየው ሁለት ወር ታሰረ። ሁለቱ ወር ካለፈ በኋላ ፈለቀ ነገሩን አጣርቶ መጣ፤ የልኬቱ መስመር ያለፈው በበራሶ አባት መቃብር ላይ ነበር።

ያን ሰሞን ሠረቀብርሃን ዲላ ሲመጣ እራት አይበላም ነበር። «ሊነግረኝ ሞክሯል» አላት አንድ ቀን። «እጄን ይዞ ወደዚያ ሊወስደኝ ሞክሯል። እኔ ቁጥር እየጻፍኩ ነበርና ገፋሁት።»

እዚያ በሰፈሩ በሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ መነጽሩን ተሸክሞ ለብቻው ወደ ተዳፋቱ ወጣ። ቀትር ላይ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። ማስታወሻ ደብተሩን አሳያት፤ ከቁጥሩ ምንም አልገባትም።

«መስመሩን ስምንት ሜትር አዛወርኩት፤ መቃብሩ ነጻ ወጣ። ቢሮ ስመለስ አስተካክለዋለሁ። ፈለቀ ሲመጣ ደግሞ ለሰውየው እነግረዋለሁ» አለ። ደብተሩን ከመነጽሩ ጋር ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። እንደዚያ ቀለል ብሎት አይታው አታውቅም።

በራሶ የመጣው ከምሳ በኋላ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አማርኛ የለውም፤ እነሱም የጌዴኦን ቋንቋ ከሰላምታ በላይ አያውቁም። እጁን ወደ ቡሌ ደጋ ዘረጋ። እነሱ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ደጋው ግን ጠቁሯል። ደጋግሞ አሳያቸው።

«ዝናብ ሊመጣ ነው እያለ ነው» አለ ሠረቀብርሃን። «እሺ፣ ወንድሜ፣ ድንኳን አለን!» ሸራውን መታ መታ አደረገለት።

በራሶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የማዕዘኑን ችካል ነቀለ። ሁለተኛውን ነቀለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ወደቀ፤ ልጆቹ ጮኹ።

ሠረቀብርሃን ፊቱ ተለዋወጠ። «ቂሙ አልወጣለትም» አለ። «እውነት አለው፤ በድዬዋለሁ። ግን በልጆቼ ፊት ቤቴን አያፈርስም። መዶሻውን።»

መዶሻው አመለወርቅ እግር ሥር ነበር። አንሥታ አቀበለችው።

ችካሎቹን መልሶ መታቸው። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፣ በልማዱ፣ ቀጥ አድርጎ። በራሶ አንድ ነገር ተናገረ፤ ድምፁ አልጮኸም። ሠረቀብርሃን በእጁ ሂድ አለው። ሰውየው ደረቁን ቦይ ተሻግሮ ወጣ።

ወፎቹ ዝም ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ከሸለቆው መታጠፊያ ብዙ ከብት በድንጋይ ላይ የሚነዳ የሚመስል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ አዲስ የተቆፈረ አፈር ሽታ። ከዚያ ውሃው። አመለወርቅ ውሃ ተኝቶ ሲሄድ እንጂ ቆሞ ሲመጣ አይታ አታውቅም። ያ ቆሞ መጣ፤ ቤት አክሎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንሰት ከነሥሩ፣ ግንድ ከነቅርንጫፉ፣ የአንድ ሰው አጥር ከነበሩ ተሸክሞ። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ታበራ ነበር። ከመፍራቷ በፊት ተደነቀች። መሮጥ ሲገባት፣ በልቧ «እንዴት ያምራል!» ብላ ነበር፤ ለዚያች ቅጽበት ራሷን ይቅር አላለችም።

ሠረቀብርሃን ልጆቹን አፈፍ አድርጎ ወደ ቦዩ ሲዞር ቦዩ ሞልቷል። የተቀመጡበት ሜዳ ደሴት ሆኗል፤ ደሴቱም ከአፍታ ወደ አፍታ ይጠብባል።

ያኔ በራሶን አየችው። አልሄደም ነበር። ማዶ ላይ፣ የእንሰት ቃጫ ገመድ ከዛፍ ጋር አስሮ፣ ሦስት ጎረቤቶቹን አጠገቡ አቁሞ ነበር። ከተባረረበት ጊዜ ጀምሮ ሰው ጠርቶ እዚያው ሲጠብቅ ኖሯል። ገመዱን ወገቡ ላይ ቋጥሮ ገባ። ውሃው ደረቱ ላይ ደረሰ። ሙሉእመቤትን አንገቱ ላይ አስቀምጦ ወሰዳት። ተመለሰ። ውዳሴን ወሰዳት። ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ አመለወርቅን ብብቱ ሥር ይዞ ሲያሻግራት ልቡ ሲመታ ጀርባዋ ላይ ተሰማት። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ማዶ አድርሷት አራተኛ ገባ።

ሠረቀብርሃንን ክንዱን ያዘው። ሁለቱም ቦዩ ውስጥ ሁለት እርምጃ ሄዱ። በዚያን ጊዜ ሠረቀብርሃን ዞሮ አየ፤ ሣጥኑ ከድንኳኑ በር ተነሥቶ መንሳፈፍ ጀምሯል። መነጽሩ በፊርማው የወጣ የመንግሥት ዕቃ ነው። ውስጡ ደግሞ ደብተሩ አለ። የቱን ብሎ እንደተመለሰ አመለወርቅ እስከ ዛሬ አታውቅም። በራሶ አልለቀቀውም፤ እጅጌው ነው የለቀቀው።

* * *

ያን ቀን እነሱን ወደ በራሶ ቤት አስገቧቸው። ሚስቱ ልጆቹን አጥባ፣ በቡልኮ ጠቅልላ፣ እሳት ዳር አስቀመጠቻቸው። በማግስቱ ማለዳ አስከሬኑን ከታች፣ ከሁለት ድንጋይ መካከል አገኙት።

አመለወርቅ በለቅሶው ቀናት ሁሉ ዓይኗን ስትጨፍን የምታየው ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ነው። ከየጓሮው፣ ከየተዳፋቱ ሰው ወረደ። ማንም አልጠራቸውም። ቃሬዛ አበጁ፤ ኮባ ቆርጠው ሬሳውን አለበሱት። መሬታቸውን በሰንሰለት ሲለካ የኖረውን ሰው በትከሻቸው አንሥተው ወደ ዲላ ጉዞ ጀመሩ። አራቱ ሲደክሙ አራት ይገባሉ፤ ተራ ሲለወጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ አጭር ቃል ይጠራል፤ ከእሱ በቀር እግር እንጂ ድምፅ የለም። መንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ ሸክሙን አራግፎ ይከተላል። ዞር ስትል የሰልፉ ጫፍ ከኮረብታው ወዲያ ነበር። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ቃሬዛው አንድ ጊዜም መሬት አልነካም።

በራሶ ተራው ሲያልፍ አልወጣም። ቀኝ ትከሻው ሲቆስል ወደ ግራ ዞረ። እጅጌውን በቀኝ እጁ ጨብጦ ነበር፤ ለማን እንደሚሰጠው ያላወቀ ይመስላል። ዲላ ሲገቡ አንድ ሰው «ይህ አምና የታሰረው ችካል ነቃይ አይደለም?» አለ። ፖሊሶች ቃሬዛው ትከሻው ላይ ሳለ ያዙት። ሌላ ሰው እስኪተካው ቆመው ጠበቁት።

አመለወርቅ ያኔ መጮህ ነበረባት። ሴቶቹ ግን እያለቀሱ ከበቧት፤ እሷም አለቀሰች።

* * *

በሣልስቱ ቀን ከሰዓት በኋላ በድንኳኑ ያሉት ሁሉ ወደ ደጁ ዞሩ። ፈለቀ ነበር፤ ከኋላው አንዲት ሴት ትከተለዋለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ቤት ገብታ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤና ቆጮ ለካሳነሽ ሰጥታ፣ ከሰሌኑ ጫፍ ተቀመጠች። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ በራሷ ቋንቋ፣ በቀስታ አለቀሰች።

«ማን ናት?» አለች ሀዲጃ በሹክሹክታ።

«የበራሶ ሚስት ናት» አለ ፈለቀ።

ወልደዮሐንስ ከድንኳኑ ተከትሏቸው ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። «ባሏን ልታስፈታ ነው የመጣችው። ፈለቀ፣ ያመጣሃት አንተ ነህ?»

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ ነው ያገኘኋት። ከሌሊት ጀምራ በእግሯ ስትመጣ።»

ሴትዮዋ ፊቷን ጠርጋ ለአመለወርቅ አንድ ነገር አለቻት።

«ምን ትላለች?» አለ ወልደዮሐንስ።

«‹የትንሿ ልጅ ሳል ለቀቃት ወይ?› ትላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እስቲ ጠይቃት። ስለ ባሏ የምትለው የለም?»

ፈለቀ አመነታ፤ ጠየቃት። ሴትዮዋ ቀና ብላ ወልደዮሐንስን አየችውና በአጭሩ መለሰች።

«‹እኔ የመጣሁት ለለቅሶ ነው› ትላለች። ‹ያንን ጉዳይ ይዤ ሀዘን ቤት አልገባም።›»

ሙሉእመቤት የሴትዮዋን ድምፅ ሰምታ ከደጅ ገባች። ማንንም ሳታይ አልፋ ሄዳ ጭኗ ላይ ተቀመጠች። ሴትዮዋም ጆሮዋን የልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ ሳሉን አዳመጠች።

አመለወርቅ ሳህኑን ከጭኗ አውርዳ ተነሣች።

«ፈለቀ፣ የምለውን አንድ በአንድ ንገራት። ሠረቀ የአባቷን... የአማቷን መቃብር ከመስመሩ አውጥቶት ነበር። በዚያው ጠዋት። ደብተሩ ጠፋ እንጂ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ፈለቀ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። ነገራት። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለቅሶ እንደ መጀመሪያው ቀስ ያለ አልነበረም።

«ጋሼ» አለች አመለወርቅ፣ ወደ ወልደዮሐንስ ዞራ። «ነቅሏል ብዬሃለሁ፤ ነቅሏል። መልሶ የመታው ግን ሠረቀ ነው። መዶሻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ቦታውን የመረጥኩትም እኔ። ሰውየው አራት ጊዜ ነው የገባው፤ ሦስቱን አውጥቷል።»

ወልደዮሐንስ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። «ይህን ከተናገርሽ» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ወንድሜ በገዛ እጁ ሞተ ይባላል።»

«ይባል ይሆናል።»

«እሺ፣ ነገ ይደርሳል። አምሳ አለቃው ሲመጣ እናስብበታለን። አሁን ተቀመጪ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ካሳነሽ ደንግጣ ቀሚሷን ያዘቻት። «አንቺ! ወዴት? ሰባቱ ሳይወጣ ባሏ የሞተባት ሴት ደጅ ትወጣለች እንዴ? አገር ምን ይላል?»

አመለወርቅ የካሳነሽን እጅ በቀስታ አላቀቀች።

«ነገን አልጠብቅም» አለች፣ ድንኳኑ ውስጥ ያሉትም እንዲሰሙ ጮክ ብላ። «አሁን ጣቢያ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ። በራሶን እስኪፈቱትም አልመለስም፤ ለቅሶዬን እዚያው፣ ደጃፋቸው ላይ እቀመጣለሁ።»